ሰሙ የቱ፣ ወርቁ የቱ? በሮጀር ዜላዝኒ አማልክትና ማሽኖች ላይ የተከፈተ ክር

ይህን የመወያያ ክር (የተከታታይ መልእክቶች ሰንሰለት) የከፈተው ሰው ጥያቄ አለኝ ብሎ ቢጀምርም ያስቀመጠው ፍርድ ነው። አሜሪካዊው ሮጀር ዜላዝኒ (እ.ኤ.አ. 1937–1995) ልብ ወለድ ከመጻፉ በፊት ገጣሚ ለመሆን የተነሣ ሰው እንደነበረ አስታውሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደታተመው «የብርሃን ጌታ» ይገባል። በመጽሐፉ ከምድር በጠፈር መርከብ የመጡ ሰዎች አንዲት ሩቅ ፕላኔት ላይ ይሰፍራሉ። መርከቧን ያመጡት ቀደምቶች ቴክኖሎጂውን ለራሳቸው አስቀርተው የሕንድን አማልክት ስም ይለብሳሉ፦ ብራህማ፣ ያማ፣ ካሊ፣ አግኒ። የተሳፋሪዎቹ ዘር ደግሞ ሰጋጅ ሆኖ ይቀራል። አማልክቱ ገላቸው ሲያረጅ አእምሯቸውን በመሣሪያ ወደ አዲስ ገላ ያዛውራሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነው ሳም የቡድሃን ትምህርት እንደ ጦር መሣሪያ አንሥቶ ያምጽባቸዋል። የከፋቹ ፍርድ፦ ይህ ከእኛ ሰምና ወርቅ አይለይም፤ ሰሙ አፈ ታሪኩ፣ ወርቁ ሳይንሱ ነው፤ አንባቢ ሰሙን ሲያቀልጠው ማሽኑ ብቅ ይላል። በመጨረሻም ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ከየት ይጀምር ሲል ይጠይቃል።

1ኛው ምላሽ በትሕትና ይስማማል፤ ማስረጃም ያዋጣል። በምዕራፍ አንድ የሳም ነፍስ በፕላኔቷ ዙሪያ ባለው መግነጢሳዊ ደመና ውስጥ ተበትና ትገኛለች፤ ሕዝቡ ያንን ደመና የአማልክት ድልድይ ይለዋል። ያማ በአንድ ገዳም ውስጥ የጸሎት ማሽን ሠርቶ ያቺን ነፍስ ከደመናው ይጠራታል። መነኮሳቱ የሚያዩት ጸሎት ነው፤ ያማ የሚያየው ሞገድና መቀበያ ነው። አንድ ድርጊት፣ ሁለት ንባብ።

2ኛው ምላሽ ይገለብጠዋል። ሳይንሱ ወርቅ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ባለቀ ነበር፤ ማሽኑ የተደበቀ አይደለምና። የተደበቀው ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለው ነው ይላል። የካርማ ሊቃውንት የሚባሉት አዲስ ገላ ፈልጎ የመጣውን ሰው አእምሮ በመሣሪያ ይመረምራሉ፤ የታመነው ወጣትና ጤነኛ ገላ ያገኛል፤ ያመጸው በሚጥል በሽታ የተያዘ ገላ ወይም የእንስሳ ገላ ይሰጠዋል። የማተሚያ መኪና የፈለሰፈ ሁሉ ይቀጣል። እናም ማሽኑ ራሱ ሁለተኛ ሰም ነው፤ ወርቁ ሥልጣን ነው።

3ኛው ምላሽ ላይ ክሩ ሞቀ። ጸሐፊው ቅኔ የቆጠረ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ ሁለቱንም ያርማል። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የሚባለው ሰሙም ወርቁም ጎን ለጎን በግልጽ የተቀመጡበት ነው፤ ማመሳሰያውና የተመሰለው ሁለቱም ይታያሉ። አንድ ቃል ሁለት ፍች ሲይዝ ኅብር ይባላል። ወርቁ ፈጽሞ ተደብቆ ሰሙ ብቻ ሲታይ ደግሞ ውስጠ ወይራ ነው። ስለዚህ የጸሎቱ ማሽን ሰምና ወርቅ ነው፤ ጸሎቱም አንቴናውም በአንድ ዐረፍተ ነገር ተቀምጠዋልና። 2ኛው የተናገረለት የሥልጣን ነገር ግን ውስጠ ወይራ ነው። መዝጊያው ላይ ስም የማያውቅ ሰው ቅኔ ባይጠቅስ ይሻለዋል የምትል መርፌ አለች። እርማቱ ልክ ነው፤ መርፌዋ ግን ባትኖር አይጎድልም ነበር።

4ኛው አመስግኖ በመጽሐፉ ውስጥ የጠራ ውስጠ ወይራ ካለ እንዲያሳዩት ይጠይቃል። 5ኛው የሪልድን ታሪክ ያቀርባል፤ በክሩ ውስጥ ከቀረቡት ምሳሌዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም። ሪልድ ሳምን እንዲገድል በካሊ የተላከ ነፍሰ ገዳይ ነው። ታሞ ወድቆ የሳም ተከታዮች ያስታምሙታል፤ ስብከቱን ይሰማል። ሳም የሚሰብከው ራሱ ያላመነበትን፣ ለፖለቲካ የተዋሰውን ትምህርት ነው። ገዳዩ ግን እውነተኛ ብርሃን ያገኛል፤ ስሙም ሱጋታ ይሆናል፤ ኋላም ያማን ገጥሞ ይሞታል። ሐሰተኛ መምህር እውነተኛ ደቀ መዝሙር ማፍራቱን ዜላዝኒ በግልጽ አስተያየት አያስረዳም፤ አንባቢው ራሱ ይድረስበት ብሎ ይተወዋል።

6ኛው ለጀማሪ የሚጠቅም ነገር ይዞ መጣ። መጽሐፉ ሰባት ምዕራፎች አሉት፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በጊዜ ቅደም ተከተል ከስድስተኛው በኋላ የሚሆነውን ነው የሚተርከው። ከ2 እስከ 6 ያሉት ወደ ኋላ ተመልሰው ያለፈውን ይናገራሉ፤ 7ኛው የ1ኛው ቀጣይ ነው። ብዙ አንባቢ ምዕራፍ ሁለት ላይ ሲደርስ ሳም ከሞት ከተመለሰ በኋላ ያለውን እያነበበ ይመስለዋል፤ እዚያው ይጠፋል። ምክሩ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደታተመው ማንበብ፣ በሁለተኛው ጊዜ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 1፣ 7 እያሉ መሄድ። ተርጓሚ ግን ሥራውን በዚህ በሁለተኛው ቅደም ተከተል ቢሠራ የቃላት ወጥነቱን በቀላሉ ይጠብቃል፤ ኅትመቱን ወደ ቦታው መመለስ የመጨረሻ ሥራ ነው።

7ኛው ምላሽ ረጅም ነው፤ ርዝመቱ ግን አያሰለችም። ዜላዝኒ ገና ጀማሪ ሳለ የተመለሱለትን ታሪኮች ቁጭ ብሎ እንደገና አንብቦ ጥፋቱ ከመጠን በላይ ማብራራት መሆኑን እንደደረሰበት ይነግረናል፤ ለአንባቢ ሁሉን መዘርዘር አንባቢን መናቅ መሆኑ የገባው ያኔ ነው። ከዚህ ተነሥቶ አፈ ታሪክንና ሳይንስን መቀላቀል ለሚፈልግ ጸሐፊ አሠራር ያስቀምጣል። አንድ አምላክ ወይም መንፈስ ይመረጣል፤ ከሁለት ኃይል በላይ አይሰጠውም። ለየኃይሉ አንድ መሣሪያ ይታሰባል፦ ጉልበቱን ከየት እንደሚያገኝ፣ ምን ያህል ርቀት እንደሚደርስ፣ ምን ሲሆን እንደሚከሽፍ ለብቻው ገጽ ላይ ይጻፋል። ታሪኩ ውስጥ ሲገባ የመሣሪያው ስምና ጉልበቱ ይሰረዛሉ፤ ርቀቱና መክሸፊያው ይቀራሉ። አንባቢ አምላክ ሲከሽፍ ካየ ሕግ መኖሩን ያምናል፤ ሕግ ካለ ሳይንስ አለ። የሚበላሸውስ መቼ ነው? ጸሐፊው መሣሪያውን ከአምላኩ ቀድሞ ያስተዋወቀ ጊዜ፤ ያን ጊዜ አምላኩ ልብስ የለበሰ መካኒክ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ኳንተም የምትለዋን ቃል እንደ ጠበል እየረጩ መሄድ ነው፤ ያም አይፈውስም ይላል።

8ኛው በሳይንሱ በኩል ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1965 በወጣው ታሪኩ ዜላዝኒ ቬኑስ ላይ ውቅያኖስና ግዙፍ የባሕር አውሬ አስቀምጧል፤ ርእሱን የወሰደው ኢዮብ ምዕራፍ 41 ላይ ስለ ሌዋታን ከተነገረው ነው። ነገር ግን መንኮራኩሯ ማሪነር 2 በታኅሣሥ 1962 በቬኑስ አጠገብ አልፋ ፕላኔቷ እጅግ የጋለች መሆኗን አሳውቃ ነበር። ዛሬ የምናውቀው የገጿ ሙቀት ወደ 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየር ግፊቷ ከምድር 90 እጥፍ ያህል ነው። ውቅያኖስ ቀርቶ እርሳስ ይቀልጣል። ታዲያ ይህ ሰው ሳይንስ ያውቃል ይባላል?

9ኛው ያርመዋል፤ አነጋገሩም ትንሽ ጠንከር ይላል። ዜላዝኒ ባለማወቅ አልተሳሳተም፤ አሮጌዎቹ ቬኑስና ማርስ በሳይንስ ከመዘጋታቸው በፊት ለሁለቱም መሰናበቻ ለመጻፍ ሆን ብሎ የቸኮለ ሰው ነው። በኅዳር 1963 የወጣው የማርስ ታሪኩ ማሪነር 4 በሐምሌ 1965 ጉድጓዳ ጉድጓድ የሆነውን የማርስን ገጽ ፎቶ ከመላኳ በፊት ነው የወጣው። በ«የብርሃን ጌታ» ደግሞ ማንም መንኮራኩር የማይደርስበት ፕላኔት ይመርጣል። ሳይንሱ ያረጃል፤ ኢዮብ ግን ሲጻፍም አሮጌ ነበር፤ ስለዚህ ምሰሶው አፈ ታሪኩ ላይ ቢተከል ቤቱ አይፈርስም። 10ኛው ይህ ምስጋና ሳይሆን ሽሽት ነው ብሎ በአንድ መስመር ይቆርጠዋል።

11ኛው ሁለቱን ትቶ የማርሱን ታሪክ ያነሣል፤ ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነውና። ጋሊንገር የሚባል ገጣሚ ወደ ማርስ ሄዶ የማርሳውያንን ጥንታዊ ቋንቋና ቅዱሳት መጻሕፍት ያጠናል። ዘራቸው ሊያልቅ ነው፤ መጽሐፋቸውም ሁሉም ነገር አልቋል የሚል ነው። እርሱ መጽሐፈ መክብብን ወደ ቋንቋቸው ተርጉሞ ያነብላቸዋል፤ የሰው ልጅ እንዲህ ያለውን ተስፋ መቁረጥ ጽፎም አንብቦም ከምድር ተነሥቶ እዚህ ደርሷል ለማለት ነው። ምላሹ አንዲት ጥሩ የቋንቋ ነገር ትጨምራለች፤ የእኛ መክብብ «ከንቱ» የሚለው ዕብራይስጡ «ሄቤል» ጥሬ ፍቹ ተን፣ እስትንፋስ ነው። ታሪኩን የሚተረጉም ሰው የተለመደውን «ከንቱ» ይያዝ፤ አንባቢው በጆሮው ያለውን ቃል ሲሰማ ነው ማርስ ላይ መክብብ መነበቡ የሚያስደነግጠው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ትርጉሙ ገባ። 12ኛው የቃላት ዝርዝር ያቀርባል። ገላ መለዋወጡን «ዳግም ልደት» ማለት አይቻልም፤ ቃሉ በጥምቀት ተይዟል። «ገላ መቀየር» ይባል፤ ልብስ እንደ መቀየር ቀላል መሆኑ ራሱ የመጽሐፉ ቀልድ ነው። የሚከብዱት ግን አምላኩ ኃይሉን ሲያነሣ የሚለብሰው ሁኔታና የየራሱ ልዩ ኃይል የተሰየሙባቸው ሁለት ቃላት ናቸው። ለመጀመሪያው «ገጽ»፣ ለሁለተኛው «ሀብት» የሚል ሐሳብ ያቀርባል።

13ኛው «ገጽ» ላይ ይቆማል። በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት ገጽ፣ አካልና ባሕርይ ተመዝነው የተቀመጡ ቃላት ናቸው፤ ያማ ገጹን ለበሰ ሲባል የተማረ አንባቢ ልብ ወለዱን ትቶ ነገረ መለኮት ውስጥ ይገባል። «ግርማ» ይሻላል፤ ግርማ ይለበሳል፣ ይገፈፋል፣ ይወርዳል፤ ግሡ ራሱ ሥራውን ይሠራል። እኔም ከዚህ ጋር ነኝ። 14ኛው ግን ተቆጣ፤ ቋንቋን ለደብተራ አስረክበን እስከ መቼ ነው፣ ቃል የተናጋሪው ሁሉ ነው ሲል ይጽፋል። 3ኛው ተመልሶ (15ኛ ምላሽ) ደብተራ ባይኖር ይህን የምትሳደብበት ፊደልም አይኖርህም ብሎ ይመልስለታል። ከዚህ በታች ያሉት ሁለት መልእክቶች ስድብ ብቻ ስለሆኑ አልፋቸዋለሁ።

18ኛው ነገሩን ለማብረድ ርእሱ ላይ ጥያቄ ያነሣል። «ጌታ» ሲባል አማርኛ አንባቢ የሚሰማው ክርስቶስን ነው፤ ሳም ደግሞ አምላክ ነኝም አይደለሁምም የማይል ሰው ነው። «ባለ ብርሃኑ» ቢባልስ? 19ኛው ጥርጣሬው ራሱ ትክክል ስለሆነ «ጌታ» ይቆይ ይላል፤ መጽሐፉ የሚጠይቀው ይህ ስም ለማን ይገባል የሚለውን ስለሆነ ርእሱ ማስደንገጥ አለበት። በዚያው ወደ ሳጥናኤል ይሄዳል። ስለ ሥነ ፍጥረት በሚተርከው በአክሲማሮስ መላእክት ማን ፈጠረን ብለው ሲጠይቁ ሳጥናኤል እኔ ፈጠርኋችሁ ይላል፤ ቅዱስ ገብርኤል ደግሞ «ንቁም በበኅላዌነ» (በያለንበት እንቁም) ብሎ ያጸናቸዋል። ቀድሞ የተገኘ ሁሉ ለኋለኛው ፈጣሪ ነኝ ማለት ይችላል፤ የዜላዝኒ ቀደምቶች ያደረጉት ይህንኑ ነው።

20ኛው ክሩን ወደ ሄኖክ ያሻግረዋል፤ ከርእስ ወጣ ቢባልም ይህን መውጣት የሚጠላ የለም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው በግእዝ የተረፈ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወስዶ፣ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አሳተመ። በምዕራፍ 6 ሁለት መቶ መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ይወርዳሉ፤ በምዕራፍ 8 አዛዝኤል ለሰዎች ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ማዕድን ማቅለጥን፣ ኩል መኳልን ያስተምራል። ምላሹ የሚያሳየው መስተዋታዊ ግልባጭ ነው፤ በሄኖክ ዕውቀትን ከሰማይ ማውረድ ኃጢአት ነው፤ በዜላዝኒ ደግሞ ዕውቀትን በሰማይ ቆልፎ ማስቀረት። ሳምና ወገኖቹ ቴክኖሎጂ ለሕዝብ ይፍጠን የሚሉ አፋጣኞች ናቸው። በአማርኛ ይህን ዓይነት ልብ ወለድ ለሚጽፍ ጥሬው እዚሁ አለ፦ ምዕራፍ 72 ላይ ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት በሮች፣ 364 ቀን ያለው ዓመት። ከእውነተኛው ዓመት በአንድ ቀን ከሩብ ያህል ስለሚያንስ በ100 ዓመት ውስጥ ወደ 124 ቀን ይዛነፋል፤ በዚህ አቆጣጠር ተማምና የምትጓዝ መርከብ ክረምቷን በጋ ላይ ታገኘዋለች፤ ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል።

21ኛው ተቃዋሚ ነው፤ ተቃውሞውም ችላ የሚባል አይደለም። እስካሁን ሁሉም አፈ ታሪክ እያለ የሚጠራው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሂንዱዎች ዛሬም የሚጸልዩበት ሃይማኖት ነው። አንድ አሜሪካዊ ካሊን ክፉ ሴት አድርጎ ሲጽፍ አጨብጭበን፣ የእኛን ገብርኤል የጠፈር መሐንዲስ ቢያደርገው ምን እንል ነበር? 22ኛው ደራሲው ለራሱ ወገንም አልራራም ይላል፤ ኒሪቲ የተባለው የሙታን ጭፍራ አዛዥ የመርከቧ የክርስትና ቄስ የነበረ ሰው ነው። 21ኛው መልሶ ሁሉን መስደብ ፍትሕ አይደለም አለ። ጥያቄውን የመለሰለት የለም።

ከዚያ አንዱ ቀልድ ይዞ ገባ፤ 24ኛው ምላሽ መሆኑ ነው። መጽሐፉ ለፊልም ተዘጋጅቶ እንደነበር፣ የፊልሙ ጽሑፍ ግን በአሜሪካው የስለላ ድርጅት በሲአይኤ እጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በጥር 1980 ቴህራን ውስጥ የተደበቁ ስድስት አሜሪካውያን ዲፕሎማቶችን እንዳስመለጠ ይተርካል፤ ሥዕሎቹንም ሲአይኤ ለኮሚክ ሠዓሊው ለጃክ ከርቢ ከፍሎ እንዳሣላቸው ይጨምራል። 25ኛው መጨረሻዋን ያርማል። ከርቢ የሣለው ቀደም ብሎ አዘጋጁ ባሪ ጌለር ሊሠራው ለነበረው ፊልምና ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ ላይ ሊሠራ ለታሰበው የመዝናኛ ፓርክ ነበር። ዕቅዱ ፈርሶ ወረቀቶቹ ሲቀሩ ሲአይኤ ስሙን «አርጎ» ብሎ ቀይሮ ተጠቀመባቸው፤ ዲፕሎማቶቹ በካናዳ ፓስፖርት ለፊልም ቦታ የሚመርጡ ባለሙያዎች መስለው በአውሮፕላን ወጡ። የሐሰት አማልክት መጽሐፍ ለሐሰት ፊልም ሽፋን መሆኑን ደራሲው ራሱ ቢጽፈው ማን ያምነው ነበር።

26ኛው የመጽሐፉን ታዋቂ የቃላት ቀልድ ያነሣል፦ ሻን የተባለ ገዥ በሚጥል በሽታ የሚመታበት ዐረፍተ ነገር፣ የሁለት ቃላት መነሻ ድምፅ ተለዋውጦ በእንግሊዝኛ የተለመደ ብልግና ላይ የሚያርፍ። ይህ አይተረጎምም። መፍትሔው በዚያው ገጽ ሌላ ቦታ ላይ አንድ አማርኛ ኅብር አስገብቶ ዕዳውን መክፈል ነው፤ የግርጌ ማስታወሻ የተጻፈለት ቀልድ ሬሳ ነውና።

27ኛው በ1969 ስለታተመው የግብፅ አማልክት መጽሐፍ ያስጠነቅቃል። ብዙው በአሁን ጊዜ ግሥ የተጻፈ ነው፤ ግጥም የገባበት ክፍል አለው፤ መጨረሻውም ተውኔት ነው። አማርኛ ላይ «ይገባል፣ ይቀመጣል» እያሉ መሄድ የመድረክ መመሪያ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ትረካው በኃላፊ ግሥ ሄዶ ጦርነቱ ብቻ በአሁን ጊዜ ቢሆን ይላል። ስሞቹም ወጥመድ ናቸው። ሴት የተባለውን የግብፅ አምላክ እንዳለ ብንጽፈው አንባቢ እንስት፣ ወይም የአዳም ልጅ ሴት ይመስለዋል፤ «ሴቴኽ» የሚለው ጥንታዊ አጠራር ያድናል። 28ኛው ተከትሎ በፊተኛውም መጽሐፍ «ሳም» ከንፈር የሚያዝዝ ግሥ፣ «ያማ» ደግሞ ሐሜተኛ ይመስላል ብሎ ሁሉንም አሣቀ፤ የተጣሉትም እዚህ ላይ ፈገግ ያሉ ይመስላል።

29ኛው ቀዝቃዛ ውኃ ይቸልሳል። ዜላዝኒ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በእኛ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የቅጂ መብት ለደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ለውጭ አገር ደራሲ ሥራ መድረሱ ግን መጣራት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የ1967 መጽሐፍ ከታተመ 95 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ከቃላት ዝርዝሩም በፊት የወራሾቹ የጽሑፍ ፈቃድ ይቀድማል፤ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ይላል።

ዝንጀሮዋ ሌላ ጠብ ወለደች። 30ኛው ለመሆኑ ታክ ምን ሊባል ነው ሲል ይጠይቃል፤ የሰማይ መዝገብ ጠባቂ የነበረና ሳምን በመርዳቱ በቅጣት የጭራ አልባ ዝንጀሮ ገላ የተሰጠው ገጸ ባሕርይ ነው። ለዚያ ፍጥረት አማርኛ የራሱ ቃል የለውም፤ ጎሪላና ቺምፓንዚ የውሰት ናቸው፤ ዝንጀሮ፣ ጭላዳ፣ ጦጣ፣ ጉሬዛ ሁሉም ጭራ አላቸው። 31ኛው ጦጣ ይባል ይላል፤ በተረታችን ብልጧ እሷ ናት፣ ታክም ብልህ ነው። 32ኛው፣ ያው የቅኔው ሰው፣ ቅጣት መሆኑን አትርሱ፤ ዝንጀሮ ሲባል ነው ፍርዱ የሚያዋርደው ይላል። ከፋቹ ብቅ ብሎ ዝንጀሮ የሚለውን መዝገቡ ላይ ማስፈሩን፣ ጭራውን ግን የትም ገጽ ላይ እንደማይጠቅስ አስታወቀ።